ጊዜዋ አልፏል የተባለችው ባለ መዶሻ ካቻቢቴ

ሰሞኑን አንድ ሰማያዊ ላዳ ጋራዣችን ባይገባ ኖሮ ስለዚህች ዕቃ ለመጻፍ አልነሣም ነበር። የሾፌሩ በር ወርዷል፤ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። ባለታክሲው አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ተሳፋሪ በሩን በደበደበው ቁጥር ልቤ አብሮ ይደበደባል» ይላሉ። ባቲላሜራችን (የመኪና አካል የሚያቃናው ልጅ) ማጠፊያውን አላልቶ በሩን ወደ ቦታው ሊመልስ አሰበ፤ ብሎኖቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ላዳ ነክቶ የሚያውቅ ሰው እነዚያን ብሎኖች ያውቃቸዋል። በቁልፍ ወይም በቡሶላ የሚያዝ ራስ የላቸውም፤ ወፋፍራም ባለ መስቀል ናቸው። መስቀሉ ውስጥ የፋብሪካው ቀለም አለ፣ በሱ ላይ የታክሲው ሰማያዊ፣ በሱ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ለበዓል ያስቀባው ሌላ ሰማያዊ ተጋግሯል። ልጁ በባትሪ የሚሠራውን መፍቻ አምጥቶ ለቀቀበት። ጠረረረ አለና ዘሎ ወጣ። የመስቀሉ ጠርዝ ተልጦ ብረቱ ሲያበራ ሳይ «በቃ! አቁም! አሮጊቷን አምጣልኝ» አልኩት።

አሮጊቷ በመዶሻ የምትመታ ካቻቢቴ ናት። ክረምቱ ሳይገባ ነበር ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የገዛኋት፣ ከዛገ ሞርሳና ጥርሱ ካለቀ ስጌቶ መሐል ተጋድማ አግኝቻት። ቁመቷ ከመዳፍ ትንሽ ያልፋል፤ ሁለመናዋ ብረት ነው፤ ቂጧ ከመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ተንዘርፍፏል። ከኔ በፊት ማን ሲቀጠቅጣት እንደኖረ እግዜር ይወቅ። የፋብሪካዋ ስም ተቀርጾባት ነበር፣ አሁን ግን የሚነበብ ፊደል አልተረፈም። ሻጩ ራሱ ምን እንደሆነች አያውቅም፤ «የስካርፔሎ እጀታ ነው መሰለኝ» አለኝ። ዋጋዋንም እንደ ስካርፔሎ እጀታ ጠራው፤ እኔም አላረምኩትም።

አሠራሯን ላላያት ሰው ልንገር። ሆዷ ውስጥ በሰያፍ የተቆረጠ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ፒን ይሄዳል፤ ከሥሩ ጠንካራ ሞላ አለ። ቂጧን በመዶሻ ስትመታት እጀታዋ ወደ ታች ይወርዳል። ቦዩ ሰያፍ ስለሆነ ግን ፒኑ ቀጥ ብሎ መውረድ አይችልም፤ የግድ ይዞራል፣ ጫፉንም ይዞት ይዞራል። በአንድ ምት የምትዞረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ግን በምትዞርበት በዚያችው ቅጽበት ጫፉን ወደ ብሎኑ ውስጥ ትቀብረዋለች። ለዚህች ነገር ብዬ ነው የገዛኋት፣ ለዚህችው ነው ዛሬም የምሟገትላት።

ዕቃ ሻጮቹ የማይገባቸው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ በገባሁ ቁጥር አንዱ ወጣት የባትሪ መፍቻ ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ እሷ እኮ የሙዚየም ናት፤ ይሄን ይውሰዱ፣ ጉልበቱን ይዩት!» ይለኛል። ጉልበቱን አይቼዋለሁ። ወንድሜ፣ ባለ መስቀል ብሎን ጉልበት አንሶት አይደለም እምቢ የሚለው! የመስቀሉ ግድግዳ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ነው። ካቻቢቴውን ባጠነከርክበት መጠን ተንሸራቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም፣ ጠርዙን ልጦ ነው። የባትሪው መፍቻ የሚመታው ወደ ጎን፣ በመዞሪያው አቅጣጫ ነው። ወደ ታች የሚጫነው ክንድህ ብቻ ነው። የላዳ በር ሥር ተንበርክከህ፣ አንገትህ ተጣሞ፣ ክንድህ ስንት ኪሎ ሊጫን ነው?

ይህ የመስቀል ራስ ሄንሪ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነው። በዚያው ዓመት የመኪና ፋብሪካው ካዲላክ መገጣጠሚያው ውስጥ አስገባው። ለገጣሚው ገነት ነበር፤ ጫፉ መሐሉን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ሠራተኛው ማነጣጠር አይጠበቅበትም። ስለ ፈቺው ማን አሰበ? ከብዙ ዓመት ዝገት በኋላ ያንን ብሎን የሚፈታው ሰው ካዲላክ መገጣጠሚያ ውስጥ አልነበረማ። የጃፓኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መስቀሉ ሲያዩት ከአሜሪካው ጋር አንድ ይመስላል፣ ግን የአሜሪካው ጫፍ እዚያ ውስጥ እስከ ታች አይቀመጥም፤ ያነክሳል። ያማሃ ወይም ሆንዳ ሞተር ሳይክል የሚሠራ ሰው የብሎኑን ራስ ጠጋ ብሎ ይይ፤ ብዙ ጊዜ ከመስቀሉ አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ነጥቧ ካለች የጃፓን ጫፍ ፈልግ። ብዙው ብሎን ራሱ የሚበላው በዝገት ሳይሆን በተሳሳተ ጫፍ ነው።

ወደ ላዳችን ልመለስ። በመጀመሪያ ቀለሙን ከመስቀሉ ውስጥ በሹል ነገር ጫርን፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ይህ ካልተደረገ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጫፉ ቀለም ላይ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ የካቻቢቴዋን አቅጣጫ ከማጥበቅ ወደ መፍታት አዞርኩ። ይህችን የረሳ ሰው ብሎኑን በመዶሻ እያጠበቀ ነው፣ ኋላ ደግሞ ዕቃዋን ይሰድባል። ቀጥሎ እጀታዋን ወደ ግራ አጥብቄ ያዝኳት፣ ውጥር እንድትል። ላላ ብላ ከተመታች ምቱ ግማሹ ክፍተቱን በመሙላት ያልቃል። መዶሻው ከባድ መሆን አለበት፤ ከኪሎ በታች በሆነ መዶሻ ብሎኑ ሳይሆን ጆሮህ ነው የሚሠቃየው። አሥር ጊዜ ኳኳኳ ከማድረግ አንድ ጊዜ ከልብ መምታት። መታሁ። ቀለሙ ዙሪያውን ተሰነጠቀ። ደገምኩ። ከዚያ ያቺ ድምፅ መጣች፣ «ቂጥ» የምትል፣ መካኒክ ሁሉ የሚያውቃት። ብሎኑ ከቦታው ተላቀቀ። የቀረውን ልጁ በጣቱ አወጣው።

ይህ ባይሆን ቀሪው መንገድ ምን ነበር? በብሎኑ ራስ ላይ ዳዶ መበየድ፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ይቃጠላል፣ የበሩ ልባስ ይግላል። ወይም በትራፓኖ መብሳትና በማስኪዮ ጥርሱን እንደገና ማውጣት። ሁለቱም ባለታክሲውን የቀን ገቢ ያሳጣሉ፣ ቀለም ሲጨመርበት ደግሞ የብዙ ቀን።

እስካሁን ማሞገስ ነው። አሁን የሚያናድደኝን ልናገር፤ እሱም ካቻቢቴዋ ላይ የሚሰኩት ተቀያያሪ ጫፎች ናቸው። ስገዛት አንዲት ጫፍ ብቻ ነበራት፣ እሷም ያለቀች። ሌላ ለመግዛት አንድ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ፤ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሸጠልኝ። አንድ የሆንዳ መኪና መጣ፣ የፊት ፍሬን ዲስኩ ሊቀየር። የሆንዳ ዲስክ በሁለት ባለ መስቀል ብሎኖች ተይዟል፤ ባለ 6 ሚሊ ናቸው፣ ቁጥር 3 ጫፍ የሚወስዱ። ዲስኩን በትክክል አጥብቀው የሚይዙት የጎማው ዳዶዎች ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ጎማው ሲወልቅ ዲስኩ እንዳይወድቅ ብቻ ነው የተቀመጡት። ግን ዝገው ሲጣበቁ ሥራውን ሁሉ የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው። «ኦሪጅናሉን» ሰካሁና መታሁ። ከጫፉ አንዱ ክንፍ ተቆርሶ በጉንጬ በኩል ፉጨት እያሰማ አለፈ። መነጽር አድርጌ ነበር፤ ያላደረገ ይህችን ዕቃ ባይነካት ይሻለዋል።

ስብርባሪውን ይዤ ተመለስኩ። ሻጩ አገላብጦ አየውና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በመዶሻ መቱት እንዴ?»

በመዶሻ ለሚመታ ዕቃ ጫፍ ሸጦልኝ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያ ጫፍ ለቤት ካቻቢቴ የተሠራ፣ እንደ መስታወት ደርቆ የተጠነከረ ብረት ነው። ለመዶሻ የሚሆነው ትንሽ እሺ የሚል፣ ከመሰበር መጣመም የሚቀናው ነው፤ ግንዱም ወፍራም፣ ባለ 8 ሚሊ ስድስት ጎን። ቀጭኑን የቤት ጫፍ በአስማሚ አስገብቶ መምታት ጫፉንም አስማሚውንም ማጣት ነው። ያልኩትን የማያምን ይሞክረው፣ ግን ከእኔ ራቅ ብሎ።

ሌላም የምጠነቀቅበት አለኝ። ሆንዳው ላይ በኃይል መምታት አልወድም፤ ከዲስኩ ኋላ የጎማው ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ አለ፤ የመዶሻው ምት በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ኳሶቹ በሚሄዱበት ቦይ ላይ ጠባሳ ከተዉ፣ ብሎን ፈትተህ የኩሽኔታ ጩኸት ገዛህ ማለት ነው። እዚያ ላይ ዝገት መፍቻ ዘይት አስቀድሞ ማሳደር፣ ከዚያ በልክ መምታት። የያማሃ ዲቲ ሞተር ሳይክል የሞተር ክዳን ላይም እንዲሁ፤ አልሙኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ ይቅርታ አይጠይቅም። በተረፈ ስትሠራ ትሠራለች፣ በተቀመጠችበት ትቀመጣለች፤ በዓመት አንዴ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ወሬ የላትም።

መቼም ስለ አሮጌ ዕቃ ከተነሣ አይቀር፣ ያችን ላዳ ሳንመልስ የቫልቮላዋንም ክፍተት አየንላቸው። እዚያም ያገለገለን ከጋሽ አለቃዬ የወረስኩት የቅጠል መለኪያ፣ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ስስ ብረት፣ ነበር፤ 0.15 ሚሊ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች ናት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ በዚያ ፈለግ ተመርታለች፤ ቫልቮላዋን በኮምፒውተር አትነግርህም፣ በቅጠሉ ነው የምትሰማት። ሰፊ ቅጠል ሲሆን ደግሞ ይሻላል፤ ጠባቡ ከካሙ ሥር ይጣመምና ይዋሻል። ከሞተሩ ውስጥ ያለ ጩኸት ለመስማትም ረጅም ካቻቢቴ ጆሮዬ ላይ እደግፋለሁ፤ ይሄንንም ሻጮቹ ቢያዩ ይስቁብኛል።

ወደ ባትሪው ሰውዬ ልመለስና ልጨርስ። ያንተ መፍቻ መጥፎ ዕቃ ነው አላልኩም። የጎማ ዳዶ ላይ ንጉሥ ነው፤ እኔም አለኝ፣ ስንጠቀምበት ነው የምንውለው። መብራት ሄዶ ባትሪው ካለቀ ግን ከሰዓት በኋላውን መደርደሪያ ላይ ሆኖ ያየኛል። ስለ ባለ መስቀል ብሎን ልትነግረኝ ግን ካታሎግ ይዘህ አትምጣ። መፍቻህን ብቻ ይዘህ ና፣ የዛገ የላዳ በር ልስጥህ፣ ፍታልኝ። ከፈታህልኝ አሮጊቷን በነጻ እሰጥሃለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ለጎረቤት ጋራዥ እንኳን አላውሳትም፤ ከሰጠኋት ያለ ጫፍ ነው የምትመለሰው።

ቁጥር 3 ባለ መስቀል ጫፍ፣ ግንዱ ባለ 8 ሚሊ ስድስት ጎን፣ መዶሻ የሚችል፣ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ቢኖር ይጠቁመኝ። «ኦሪጅናል ነው» የሚለኝ ግን አስቀድሞ ራሱ ይምታውና ያሳየኝ።