በቃል መንገር ወይስ ደርቦ መሳል?
ላሊበላን መነሻ ያደረገ የቪዲዮ ጌም የአካባቢ ንድፍ (ጨዋታው የሚካሄድበትን ቦታ ሥዕል) ለሚሠራ ጀማሪ አስተያየት ስሰጥ፣ በቃል ከመንገር ይልቅ በሥዕሉ ላይ በሌላ ሌየር (ዋናውን ሥዕል ሳይነካ ከላዩ በሚነጠፍ ግልጽ ገጽ) ደርቦ መሳልን እመርጣለሁ። ቤተ ጊዮርጊስን እንውሰድ። ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር ይስተካከላል። ሠዓሊው ሜዳ ላይ እንደቆመ ሕንፃ አድርጎ ካመጣው፣ «ጥልቀት ይጎድለዋል» ቢሉት ግራ ይጋባል። የጉድጓዱን ግድግዳ አጥቁሮ፣ ብርሃኑን ጣሪያው ላይ ባሉት መስቀሎች ላይ ጥሎ ማሳየት ግን ነገሩን ወዲያው ይፈታዋል።

ሥራው ገና ረቂቅ ሳለ ቃል ይሻላል፦ «ተጫዋቹ በየት በኩል ይገባል? ጠዋት ነው ማታ?» መልሱን ሠዓሊው ራሱ ይፈልገው።

አስተያየት ተቀባዩም «እንዴት ነው፣ ያምራል?» ከማለት «መግቢያው ጎልቶ ይታያል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚጠቅም መልስ ያገኛል። ደርቦ የሚስል ደግሞ እባካችሁ አስቀድሞ ያስፈቅድ።