ዊንዶውስ 11 ሲጫን ስታክ እያደረገ ያስቸገረኝ ላፕቶፕ፣ ኤስኤስዲ ከገባለት ከ7 ወር በኋላ

ነሐሴ ላይ በሃርድዲስኩ ምትክ ያስገባሁት ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) እና አብሮት የጫንኩት ዊንዶውስ 11 ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሰባት ወር ሞላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ ደስታዬን ብቻ ነበር የምጽፈው፣ አሁን ግን ተረጋግቼ ጥሩውንም መጥፎውንም ለይቼዋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 የሚያሸጋግረው አፕግሬድ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያ የቆመበት የፐርሰንት ቁጥር ምን እየነገረኝ እንደነበር በደንብ የገባኝ ዘግይቶ ስለሆነ፣ አሁን እዛው ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን የሚያይ ሰው ካለ ይድረሰው ብዬ ነው።

ላፕቶፑ ሰከንድ ሃንድ ነው፣ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድዲስኩ 1 ቴራ ያውም በደቂቃ 5400 የሚዞረው ዓይነት። ስራዬ ጽሕፈትና ትርጉም ነው፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ ውክልና ምናምን። የሰው ፓስፖርትና መታወቂያ ስካን ተደርጎ እዚህ ማሽን ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃል ሲባል ዝም ብዬ ልቀመጥ አልቻልኩም፣ ከዛ በኋላ ለተራዘመው ካልተመዘገቡ የሴኪዩሪቲ አፕዴት አይመጣም ማለት ነዋ፣ የሰው ዶክመንት ይዞ እንደዛ መስራት ደግሞ ለኔ ልክ አይደለም።

ዊንዶውስ 11 የሚፈልገውን ላፕቶፑ ያሟላ ነበር። 8ኛ ጄኔሬሽን ማለት ኢንቴል ላይ የሚቀበለው የመጀመሪያው ትውልድ ነው፣ ራም ከ4 ጊጋ ጀምሮ፣ ስቶሬጅ ከ64 ጊጋ ጀምሮ። መጀመሪያ ቼክ ሳደርገው አይሆንም ብሎኝ ነበር ግን ምክንያቱ ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ቺፕ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ሴቲንግ) ጠፍቶ ስለነበር ነው፣ ኢንቴል ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ ፒቲቲ በሚል ስም ነው የሚገኘው፣ እሱንና ሴኪዩር ቡትን (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለውን) ሳበራ አለፈ። ብዙ ሰው ኮምፒውተሬ አይችልም ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ባዮስ ግቡና እዩ።

የመጀመሪያው ሙከራ። ማታ 3 ሰዓት ጀመርኩት፣ ዳውንሎዱ ራሱ ብዙ ሰዓት ፈጀ፣ ከዛ ሪስታርት አደረገና ጥቁር ስክሪን ላይ ክቧ እየዞረች ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ። 46 ከመቶ ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ክረምት ስለሆነ መብራት ይሄዳል ብዬ እየፈራሁ ቁጭ አልኩ፣ ባትሪው ቢበዛ 40 ደቂቃ ነው የሚይዘው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይም 46። በመጨረሻ ፓወሩን ተጭኜ አጠፋሁት፣ ሲነሳ ወደ ድሮው ዊንዶውስ እየመለስኩህ ነው የሚል ጽሑፍ መጣና ጠዋት ላይ ዊንዶውስ 10 ከነፋይሌ ተመለሰልኝ። ይሄ የመመለስ አሰራሩ በጣም ነው ያስደሰተኝ፣ አንድም ፋይል አልጠፋም። ቢሆንም መሃል ላይ ማጥፋት አደጋ አለው፣ የመጨረሻው አማራጭ ነው መሆን ያለበት።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሰው የሚመክረውን ሁሉ አደረግኩ። ፕሪንተሩን ነቀልኩ፣ ማውሱንና ፍላሹን ነቀልኩ፣ የተጫነውን አንቲቫይረስ አጠፋሁት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አንኢንስቶል አደረግኩት፣ ሲ ላይ 40 ጊጋ ቦታ ለቀቅኩ፣ ዳውንሎዱ ካለቀ በኋላ ዋይፋዩን ዘጋሁ። ብዙ ሰው ጋር ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚፈታው፣ አንቲቫይረስና ያረጀ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ዋናዎቹ ናቸው፣ ስለዚህ አትዝለሉት። እኔ ጋር ግን 71 ደረሰና ቆመ። ሲመለስ ዜሮ ኤክስ ሲ 1900101 የሚል ኮድ ሰጠኝ፣ የዚህ ኮድ ትርጉም ሲፈለግ አብዛኛው ድራይቨር ነው ይላል፣ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ድራይቨር ሳወርድ ዋልኩ። አንድ ሱቅ ወሰድኩት፣ ከፍተውም ሳያዩት ማዘርቦርዱ ነው መቀየር አለበት አሉኝ። ማሽኑ ቀን ቀን እየሰራ ማዘርቦርድ የሚለው አልዋጥልህ ስላለኝ ይዤው ተመለስኩ።

ነገሩን የፈታው የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ኔትወርክ ነው የሚሰራው። ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ጋሼ፣ ሲቆም የሃርድዲስኳ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች ወይስ በርታ ነው የምትቀረው?" በርታ ነው የምትቀረው አልኩት። "እንግዲያው ዊንዶውሱን ይተዉትና ሃርድዲስኩን እንየው፣ ግን ምንም ከመንካትዎ በፊት ፋይልዎን ያውጡ።"

ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ ከፈተ፣ ሲስተም ሎግ ውስጥ "ሃርድዲስክ 0" (0 የዲስኩ መለያ ቁጥር ነው) ባድ ብሎክ ማለትም የተበላሸ ቦታ አለው የሚል ቀይ መልዕክት፣ ኢቨንት ቁጥሩ 7፣ አፕግሬድ በሞከርኩባቸው ሁለት ሌሊቶች ላይ ተደርድሯል። ከዛ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫነ፣ ቢጫ ሆኖ ጥንቃቄ ይላል፣ የተበላሹና በሌላ የተተኩ ሴክተሮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ቦታዎች) አሉ፣ ለመነበብ እምቢ ብለው ወረፋ የያዙም አሉ። ወሮች ሙሉ ላፕቶፑ ቀርፋፋ ሆነ እያልኩ ስማረር ዲስኩ እየሞተ ነበር።

ለምን ቀን ቀን ይሰራል ሌሊት አፕግሬድ ሲሆን ይቆማል ላላችሁ፣ ዕለት ዕለት ስንሰራ ዲስኩ ላይ የምንነካው ቦታ ያው የለመድነው ጥቂት ቦታ ነው፣ አፕግሬድ ግን ብዙ ጊጋ አዲስ ፋይል ይጽፋል፣ የድሮውን ዊንዶውስ ዊንዶውስ ኦልድ ወደሚባል ፎልደር ያዛውራል፣ ሴቲንጉንና ፕሮግራሙን ሁሉ ያነባል። የተበላሸው ቦታ ላይ ሲደርስ ዲስኩ ደግሞ ደጋግሞ ሊያነብ ይሞክራል፣ ቁጥሩም እዛው ይቀራል። መብራቷ በርታ የቀረችው ለዛ ነው። በተቃራኒው መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ ስራ ላይ ነው፣ በሃርድዲስክ ከአንድ ሰዓት በላይ አንድ ቁጥር ላይ ሊቆይ ይችላል፣ ያኔ አትንኩት፣ ቻርጀሩ ላይ ትታችሁት ተኙ።

ፋይል ማውጣቱ ላይ አንድ ቀን ፈጀብን። እዚህ ላይ አደራ የምለው፣ ዲስክ እየሞተ መሆኑን ካወቃችሁ ቼክ ዲስክ የሚባለውን ጥገና አስቀድማችሁ አታስነሱ፣ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያስነብበው ያለችውን ትንሽ ዕድሜ ሊጨርሳት ይችላል፣ መጀመሪያ ኮፒ። እኛ የደንበኞችን ዶክመንት፣ ቀጥሎ የቤተሰብ ፎቶ፣ መጨረሻ ላይ ሌላውን ወደ ኤክስተርናል አወጣን። 11 ፋይል እምቢ አለ፣ ከነሱ ውስጥ 3ቱ የአባቴ የመጨረሻ ገና ላይ የተነሳቸው ፎቶዎች ናቸው፣ ሌላ ቦታ ኮፒ አልነበራቸውም። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። ሃርድዲስኩን አልጣልኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከዛ 480 ጊጋ የሳታ ኤስኤስዲ ገዛን፣ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ እዚህ ብጽፈው ነገ ስህተት ይሆናል። ሳታ የድሮው ሃርድዲስክ የሚሰካበት ዓይነት ማያያዣ ነው፣ ላፕቶፑ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ከሳታ የሚፈጥነውን ዓይነት የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት የናንተ የቱን እንደሚቀበል አረጋግጡ። ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል በሚባለው በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 11 አዘጋጀን (ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ አስቀድማችሁ አውጡ)፣ ከፍላሹ አስነስተን ክሊን ኢንስቶል አደረግን፣ ማለትም ከድሮው ሳናሸጋግር ከባዶ ጫንነው። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልሞላም። ሁለት ሌሊት የበላኝ ነገር ግማሽ ሰዓት! የዊንዶውስ ፈቃዱ ይጠፋ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ዲጂታል ላይሰንሱ የተያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ሆነ።

እሺ፣ ሰባት ወሩስ? ድሮ ላፕቶፑን አብርቼ ቡና አፍልቼ ስመለስ ነበር ዎርድ የሚከፈተው፣ አሁን 15 ሰከንድ ገደማ ነው። የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋ ያነባል፣ የኔ ዓይነቱ የላፕቶፕ ሃርድዲስክ ግን 100 አካባቢ ነው፣ ትናንሽ ፋይል ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ፋይሉን ስፈልግ ማፈሬ ቀርቷል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ በየወሩ መጀመሪያ አየዋለሁ፣ ጤናው 99 ከመቶ ነው። መብራት በድንገት ሄዶ ባትሪውም አልቆ የጠፋበት ጊዜ አለ፣ ምንም አልሆነም፣ ግን ይሄ ዋስትና ስላልሆነ ባክአፑን በየዓርቡ ማታ አደርጋለሁ።

አማርኛ ለምትጽፉ ደግሞ ይሄ ጠቃሚ ነው። ክሊን ኢንስቶል ካደረግኩ በኋላ በኒያላ ፎንት የተጻፉ የድሮ ዶክመንቶቼ በሌላ ፎንት ተከፈቱ፣ የገጽ አቆራረጡ ሁሉ ተዛባ፣ አንድ ገጽ የነበረው ማስረጃ ሁለት ገጽ ሆነ። ነገሩ ኒያላ አሁን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አይጫንም፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብታችሁ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን መጨመር ነው፣ ወይም አማርኛን በቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ስትጨምሩ አብሮ ይመጣል። ሳይጨመር የሚታየው ኤብሪማ ነው። ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ያልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ካሏችሁ ደግሞ ከድሮው ዲስክ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ያለነሱ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ነው የሚሆነው።

ያልወደድኩት፣ ታስክባሩን ወደ ጎን ማዞር አልቻልኩም፣ እኔ ድሮ በግራ በኩል ቁልቁል ነበር የማደርገው። ራይት ክሊክ ስታደርጉ የሚመጣው አጭር ሜኑ ለብዙ ነገር ሁለተኛ ክሊክ ያስፈልገዋል፣ ቀኑን ሙሉ ፋይል ለሚያዘዋውር ሰው ይሄ ይከብዳል። ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት መጠየቁ ደግሞ በሞባይል ዳታ ለሚሰራ ሰው አይመችም። አካውንት ይዛችሁ ከገባችሁ 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ጀምሮ በክሊን ኢንስቶል ጊዜ ዲስኩ ራሱ ሊቆለፍ ይችላል፣ መክፈቻው 48 ዲጂት ቁጥር ነው፣ አካውንታችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት። እኔ ጋር ባዮስ ላይ አንድ ነገር ስቀይር ጠይቆኛል፣ ወረቀቱ ባይኖር ስራ ፈት ነበርኩ።

ዳታ ላይ፣ ዋይፋዩን ሴቲንግ ውስጥ ሜተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የሚቆጠርበት ግንኙነት) አድርጉት፣ ትልልቅ አፕዴቶችን ሳይጠይቅ አያወርድም። አፕዴትን እስከ 5 ሳምንት ፖዝ ማድረግም ይቻላል፣ ግን አትርሱት። ቀጣዩ ስሪት 25ኤች2 ሲመጣ ያ 46 ትዝ ብሎኝ ልቤ ደንግጦ ነበር፣ ያው ከ24ኤች2 ጋር አንድ መሰረት ስለሆነ ትንሽ ነገር አውርዶ አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጎ ጨረሰ።

ማሽናቸው 7ኛ ጄኔሬሽንና ከዛ በታች የሆነ ወዳጆች ይጠይቁኛል። በዊንዶውስ 10 ለሚቆይ ሰው የተራዘመ የሴኪዩሪቲ አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019፣ ማለትም ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ አለ፣ መመዝገብ ይፈልጋል። በዚህ መሃል ግን ዲስካችሁን እዩት፣ ፕሮግራሙ ነጻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የቀረኝ ራሙ ነው። ዎርድ፣ ክሮምና ቴሌግራም አንድ ላይ ሲከፈቱ ከ8 ጊጋው 80 ከመቶ ይያዛል፣ ስካን ሲጨመርበት ይንገዳገዳል። ኤስኤስዲው ሲገባ ክዳኑ ተከፍቶ እያለ ከስሩ አንድ ባዶ የራም ስሎት አይቻለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ሌላ 8 እጨምርበታለሁ።