ለኮምቦልቻው ኤሌክትሪሽያን ምስጋና

ደሴ ገራዶ በኩል ቤት እያሠራሁ ነው። መብራት ገና አልገባልንም፤ የምንሠራው በኪራይ ጀነሬተር ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ አባርቶ፣ መሬቱ ገና ጭቃ እንደሆነ፣ ፌሮ የሚቆርጠውን ልጅ ግራይንደሩ ነዘረው። ወርውሮት ወደ ኋላው ወደቀ። ፈጣሪ ይመስገን ተረፈ፤ እጁ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አከራዩ "ቁራጭ ፌሮ መሬት ውስጥ ምቱና ጀነሬተሩን በሽቦ እሰሩበት፣ በቃ" አለን። አደረግነው። ልቤ ግን አላረፈም።

ጓደኛዬ ኮምቦልቻ የሚሠራ ኤሌክትሪሽያን ጠቆመኝ። 2 ሰዓት ብሎኝ 4 ሰዓት ደረሰ። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ነው አለ፤ እውነት ይሁን ሰበብ እንጃ።

መጀመሪያ ያየው ኤክስቴንሽኑን ነው። ባለ ሁለት ሽቦ ነው፣ ኤርዝ የሚባለው የመከላከያ ሽቦ የለውም። ጭቃው ውስጥ የተኛው ጋ ደግሞ ልጣጩ ተገልጧል። ቀጥሎ ሰው ሲነዝር የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ጀነሬተሩ ላይ ገጠመ። የቴስት ቁልፉን ሲጫነው ብሬከሩ ወደቀ። እሰይ አልኩ። ከዚያ ባለ 15 ዋት አምፖል ወስዶ ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ (ከፌዝ) እና ከኤርዝ ጋር አገናኘ። አምፖሉም አልበራ፣ ብሬከሩም አልወደቀ።

"አየህ፣ ቁልፉ ያታልልሃል" አለኝ። ቁልፉ የሚፈትነው ብሬከሩን ራሱን ብቻ ነው። የጀነሬተሩ ኒውትራል (መመለሻ ሽቦው) ከቦዲው ጋር አልተያያዘም። ኤሌክትሪኩ መመለስ የሚፈልገው ወደ ጀነሬተሩ ጥቅልል እንጂ ወደ አፈር አይደለም፤ የመታነው ፌሮ ብቻውን አያድንም። ልጁን ያገኘውም ይኸው ነው፦ አንዱ ሽቦ በጭቃው፣ ሌላው በግራይንደሩ ቦዲ፣ እሱ መሀል።

ኒውትራሉን ከቦዲው ጋር አሰረ። ኤክስቴንሽኑን በባለ ሦስት ሽቦ ቀየረ፣ የግራይንደሩን ስፒናም ኤርዝ ባለው ተካው። አምፖሉን ደግሞ ሞከረ። ብልጭ ሳይል ብሬከሩ ጧ! 15 ዋት እኮ በ220 ቮልት 70 ሚሊአምፔር እንኳ አይሞላም። ባለ 16 አምፔሩ ተራ ብሬከር ይህን ጭራሽ አይሰማውም።

"ራስህ እንዳትነካካው" ብሎኛል። ሁሉም ጀነሬተር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከቤት መስመር ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። 2 ሰዓት ካላችሁ ግን 4 ሰዓት ጠብቁት።