ለቃሪያ ተክል፦ መረብ ወይስ የሳሙና ውሃ?

ቃሪያ ስለሚያቃጥል ማንም አይነካውም ማለት ስህተት ነው። የሚያቃጥለው ፍሬው እንጂ ለጋ ቅጠሉ አይደለም፤ ወፎች ደግሞ ማቃጠሉ ጭራሽ አይሰማቸውም። ለዶሮና ለወፍ መፍትሔው መረብ ነው፤ ሳሙና አይመልሳቸውም።

ተባዩ ክሽክሽ (የተክሉን ጭማቂ የምትመጥ ደቃቅ ነፍሳት) ከሆነ ነገሩ ይለያል። በ1 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ ሳሙና (የልብስ ዱቄት አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል) በጥብጦ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ ማራስ ነው። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ስለዚህ በየ5 እስከ 7 ቀኑ፣ ፀሐይ ሲበርድ ይደገማል። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ይሻላል።

መረቡ ክሽክሽንም እንዲከለክል ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር መጥበብ፣ ጠርዙም አፈር ውስጥ መቀበር አለበት። ትልቁ ስህተት ተባይ የያዘን ችግኝ መሸፈን ነው፤ ክሽክሽ የሚበሉ ጥንዚዛዎች መግባት ስለማይችሉ ተባዩ ውስጡ እንደ ልቡ ይራባል። መጀመሪያ በሳሙና አጽድቶ ከዚያ መሸፈን ይገባል። ቃሪያ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ንብ ባይገባም ያፈራል፤ ሲያብብ ግንዱን ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ይረዳዋል።