ባዝራዋ አርግዛ ይሆን? ለየትኛው ምርመራ ልክፈል?

«ተጠቅታለች፣ እንግዲህ አርግዛለች» የሚለውን ፍርድ ሰው ሁሉ በነጻ ይሰጣል። ስህተቱን የሚከፍለው ግን ባለ ባዝራው ነው። ባዝራ ውርንጭላዋን 340 ቀን ያህል ትሸከማለች፤ ባዶ መሆኗ ዘግይቶ ከታወቀ የመጠቃት ወቅቷ ያልፍና ዓመቱ እንዲሁ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ከተጠቃች ስንት ቀን እንደሆናት ይቁጠሩ። ከዚያ ማወቅ የፈለጉት ምኑን እንደሆነ ይወስኑ፦ መያዟን፣ መንታ አለመሆኑን ወይስ ፅንሱ በሕይወት መኖሩን?

ዓይንና ድንጉላ

ገንዘብ የማይጠይቀው መንገድ ከ16ኛው እስከ 21ኛው ቀን ባለው ጊዜ ባዝራዋን በጠንካራ አጥር ማዶ ለድንጉላ ማሳየት ነው። የድራት ዑደቷ 21 ቀን ገደማ ስለሆነ ካልያዘች በዚህ ጊዜ ትመለሳለች፤ ጭራዋን አንስታ ሽንቷን በትንሽ በትንሹ ትረጫለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ ከተራገጠች ተስፋ አለ። ተስፋ ብቻ ነው። አርግዛ ሳለ ድራት የምታሳይ ባዝራ አለች፤ ባዶ ሆና ዝም የምትልም አለች፣ በተለይ ውርንጭላ ከሥሯ ሲኖር ወይም ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት።

ሆድ ከሁሉም የባሰ ውሸታም ነው። ፅንሱ ክብደት የሚያወጣው በመጨረሻዎቹ ወራት ስለሆነ እስከዚያ የሚታየው የሣር ሆድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የወለደች ባዝራማ ባዶዋንም ዘርጣጣ ናት። ግቷ ማጋት የሚጀምረው ደግሞ ለመውለድ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ነው፤ ያኔ ሐኪም ከመጥራት ይልቅ ጭድ ማንጠፍ ይሻላል።

አልትራሳውንድና እጅ

ሁለቱም የሚገቡት በአንድ መንገድ ነው። ሐኪሙ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ ፋንድያውን ከደንዳኔዋ ካወጣ በኋላ ማህፀኗን በግድግዳው በኩል ይመረምራል። ልዩነቱ እጁ ላይ ያለው ነገር ነው።

አልትራሳውንድ ሲሆን ማህፀኑ በስክሪኑ ላይ ግራጫ ሆኖ ይመጣል፤ ፅንስ ካለ በግራጫው መሃል ጥቁር ክብ ነገር ብቅ ይላል። በ15ኛው ቀን ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዕድሜ የገፉ ባዝራዎች ማህፀን ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ እባጮችም ይህንኑ ስለሚመስሉ ጥንቁቅ ሐኪም ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ያያል፤ ፅንስ ያድጋል፣ እባጭ ባለበት ይቀራል።

ለእኔ የአልትራሳውንድ ትልቁ ጥቅም መንታን ማሳየቱ ነው። የፈረስ መንታ ደስታ አይደለም፤ አብዛኛው በመጨንገፍ ያበቃል፣ ያውም ወራት ከተገፋ በኋላ። ፅንሱ እስከ 16ኛው ቀን ገደማ በማህፀን ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ይንከራተታል፤ ሐኪሙ ከሁለቱ አንዱን ለይቶ በቀላሉ ሊያጠፋ የሚችለው ቆሞ ሳይጣበቅ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ከ14ኛው እስከ 16ኛው ቀን ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ዕንቁላል ከተለቀቀበት ስለሆነ፣ የሚያውቁት የተጠቃችበትን ቀን ብቻ ከሆነ ከመጨረሻው ይቁጠሩ። ሁለተኛው ምርመራ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ያኔ የልብ ምቱ በስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል ይታያል።

ልምድ ያለው እጅ ያለ ምንም መሣሪያ ከ30ኛው ቀን ወዲያ እርግዝናን ይለያል፤ በኋለኞቹ ወራትም ያገለግላል። ዋጋው ይቀንሳል፣ መብራትም አይፈልግም። የልብ ምት ግን አያይም፣ መንታንም በአብዛኛው ይስታል፤ ሐኪሙም ሲደርስበት መንታን ማስተካከያው ጊዜ አልፏል። አደጋው እኩል ነው። የባዝራ ደንዳኔ ከላም ይልቅ በቀላሉ ይቀደዳል፣ መቀደዱም ሊገድላት ይችላል። ማሰሪያ በሌለበት፣ ባዝራዋ እየተራገጠች «ቶሎ ልየው» ለሚል ሰው እጁን እንዲያስገባ አልፈቅድም፤ ማስታገሻ መውጋት ነውር የለውም።

ደም

እጅ የማታስነካ ባዝራ ላላቸው ወይም ሐኪም ለራቃቸው ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ጥሩ ነው። ነገር ግን «የደም ምርመራ» ሲባል አንድ አይደለም፤ የሚለካውን ሆርሞን ስም ሳይጠይቁ አይክፈሉ።

ፕሮጄስትሮን በ18ኛው ቀን ገደማ ከፍ ብሎ ከተገኘ ባዝራዋ ወደ ድራት አልተመለሰችም ማለት ነው፤ አርግዛለች ማለት አይደለም። ዝቅ ካለ ግን ባዶ የመሆኗ ነገር ያመዝናል።

ሁለተኛው የባዝራ ጎናዶትሮፒን ነው። ኮልና ሃርት የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1930 ያገኙት ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከ35ኛው ቀን በኋላ በማህፀኗ ግድግዳ ላይ ከሚበቅሉ ጽዋ መሰል ነገሮች ነው፤ ከ40ኛው እስከ 120ኛው ቀን በደም ይገኛል። እኔን ያታለለኝ እሱ ነው። አንዲት ቡላ ባዝራ ነበረችኝ። በ16ኛው ቀን ፅንሱን በስክሪን አየሁ፤ ደስ ብሎኝ ሁለተኛውን ምርመራ ተውኩት። በ75ኛው ቀን ደሟን አስመረመርኩ፣ «አርግዛለች» የሚል ወረቀት መጣ። በአምስተኛው ወር ሐኪም እጁን ቢያስገባ ማህፀኑ ባዶ ነው። ላቦራቶሪው አልተሳሳተም፤ ፅንሱ ከጽዋዎቹ መብቀል በኋላ ጠፍቶ ጽዋዎቹ ብቻቸውን ሆርሞኑን ያመነጩ ነበር። ጽዋዎቹ እስኪጠፉም ባዝራዋ በወጉ ወደ ድራት አትመለስም። ሌላም አለ፦ በአህያ ተጠቅታ በቅሎ የያዘች ባዝራ ላይ ይህ ሆርሞን ዝቅተኛ ስለሆነ ውጤቱ ወደ ሌላው ጎን ሊያሳስት ይችላል።

ኤስትሮን ሰልፌት ሦስተኛው ነው፤ ከደምም ከሽንትም ይለካል። ከፅንሱና ከእንግዴ ልጁ ስለሚመጣ ፅንሱ ከሞተ ፈጥኖ ይወርዳል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው፤ ከ100ኛው ቀን በፊት ተጣርቶ አይታመንም።

ታዲያ የትኛው?

አንድ ጊዜ ብቻ መክፈል ከቻሉ እና ባዝራዋ ገና በሦስተኛው ሳምንት ከሆነች፣ ያለማመንታት አልትራሳውንድ። ሁለት ጊዜ ከቻሉ 28ኛውን ቀን ይጨምሩ፤ እኔ የቆጠብኩት እሱን ነው። ቀኑ ካልታወቀና ወራት ካለፉ ልምድ ያለው ሐኪም እጅ፣ እጅ የማታስነካ ከሆነች ኤስትሮን ሰልፌት። የባዝራ ጎናዶትሮፒንን ብቻውን አልገዛም። ለሰው የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ የሚፈልገው የሰውን ሆርሞን ነው፣ ባዝራ የላትም።

«ያረገዘች» ተብላ የምትሸጥ ባዝራ ሲገዙ ሻጩ የሚያሳየውን ወረቀት ቀን ይመልከቱ። በ15ኛው ቀን የተነሣ የአልትራሳውንድ ሥዕል ያን ቀን እንጂ ዛሬን አይናገርም። ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት እርስዎ በመረጡት ሐኪም እንደገና ትታይ፤ ሻጩ ካንገራገረ እንደ ባዶ ባዝራ ይደራደሩ።