የዲቲሲሲ ነጻ የስዋፕ መረጃ፦ የአክሲዮን መዋዠቅን አስቀድሞ ያሳያል?

በአሜሪካ የገበያ ግብይቶችን የሚያወራርደውና የሚመዘግበው ተቋም፣ ዲቲሲሲ፣ የሚያወጣው የስዋፕ መረጃ ክፍያ የለውም፣ መመዝገብም አይጠይቅም። በአሜሪካ ሪፖርት የሚደረጉ የኢኩዊቲ ስዋፕ ውሎች (በአክሲዮን የዋጋ ለውጥ ላይ የሚደረጉ ውሎች) በየቀኑ በዚፕ ተጠቅልለው በሲኤስቪ (የሠንጠረዥ) ፋይል ይወጣሉ። ብዙ ሰው ፋይሉን የሚያወርደው አክሲዮን ከመናወጡ በፊት ስዋፑ ላይ ምልክት ይታይ እንደሆነ ለማየት ነው። ጫና የት እንደተጠራቀመ ይጠቁማል፤ መቼ እንደሚፈነዳ ግን ከዚህ አትጠብቁ።

ስዋፕ የሚሠራው እንዲህ ነው። ደንበኛው አክሲዮኑን ሳይገዛ የዋጋውን ለውጥ ከባንኩ ይቀበላል፣ በምትኩ ወለድ ይከፍላል። ባንኩ ራሱን ለመጠበቅ አክሲዮኑን ገዝቶ ይይዛል። ደንበኛው ተጨማሪ መያዣ ማስገባት ሲያቅተው ባንኩ ያንን ሁሉ ገበያ ላይ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አርኬጎስ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሲወድቅ የሚዲያ ኩባንያዎቹ የቫያኮምሲቢኤስና የዲስከቨሪ አክሲዮኖች የተንኮታኮቱት በዚህ መንገድ ነው፤ የስዊዘርላንዱ ባንክ ክሬዲት ስዊስ ብቻውን 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አጣ። ያኔ በነጠላ አክሲዮን ላይ የሚደረግ ስዋፕ ለሕዝብ አይታይም ነበር። መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ነው።

ፋይሉን ስታወርዱ መጀመሪያ ትክክለኛውን ክፍል ምረጡ። በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ የተደረገ ስዋፕ ያለው በኤስኢሲ (የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ) ሥር ነው፤ እንደ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ባለ ሰፊ ኢንዴክስ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ባንድ የሚለካ) ላይ የተደረገው በሲኤፍቲሲ (የአሜሪካ የሸቀጥና የፊውቸርስ ገበያ ተቆጣጣሪ) ሥር። በሲኤፍቲሲ ፋይል ውስጥ የአንድ ኩባንያ ስም ፈልጎ «ምንም የለም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ማጽዳት ይመጣል፤ ድካሙም እዚህ ላይ ነው። አዲስ ውል፣ ማሻሻያና ማቋረጫ በአንድ ፋይል ተደባልቀው ይመጣሉ። ሁሉንም የደመረ ሰው አንዱን ውል ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። ማሻሻያውን በቀድሞው መለያ ቁጥር ከዋናው ውል ጋር አገናኙት። በአንድ ቀን እኩል መጠን ተቋርጦ እኩል መጠን እንደ አዲስ ከተመዘገበ ውሉ ታደሰ እንጂ አዲስ ገንዘብ አልገባም። አንዱ አክሲዮን አንዴ በአይሲን (ዓለም አቀፍ የመለያ ቁጥር)፣ አንዴ በሪክ (የሮይተርስ መለያ) ኮድ ስለሚጻፍ ሁለቱን ካላዋሃዳችሁ እንቅስቃሴው ለሁለት ተከፍሎ ያመልጣችኋል። ከመጠኑ ጎን የመደመር ምልክት ካያችሁ ቁጥሩ ፋይሉ የሚያሳየው የመጨረሻ ገደብ ነው፤ እውነተኛው መጠን ከዚያ ይበልጣል። ሰዓቱ ደግሞ በዩቲሲ ነው፤ ለአዲስ አበባ 3 ሰዓት ጨምሩ።

ከዚያ የቀኑን አዲስ ውል ለአክሲዮኑ የ20 ቀን አማካይ ግብይት አካፍሉት። እንበል አክሲዮኑ በቀን 200 ሚሊዮን ዶላር ይገበያያል፤ አዲስ ስዋፑ ብዙ ጊዜ 6 ሚሊዮን ነው፣ ማለትም 3 በመቶ። በድንገት 40 ሚሊዮን ከሆነ 20 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። ይህ ሊመረመር ይገባዋል። ግን የገቢ ሪፖርት ቀን ቀርቦ እንዳይሆን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ በዚያ ሰሞን ስዋፑም መዋዠቁም አብረው ሊያድጉ ስለሚችሉ አንዱ ሌላውን ያመጣ ይመስላል።

ማሻሻል የማይቻሉ ጉድለቶችም አሉ። የተዋዋዮቹ ስም አይወጣም፤ ደንበኛው አክሲዮኑ ይወጣል ብሎ ይሁን ይወርዳል ብሎ አይለይም። በቅርጫት የተጠቀለለ (በብዙ አክሲዮኖች ላይ ባንድ የተደረገ) ስዋፕ ውስጥ ያሉት አክሲዮኖች በስም አይዘረዘሩም፤ ለእኛ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። በኤስኢሲ በኩል ውሉ ሳይታይ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ነሐሴ 5 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ቪክስ (የአሜሪካ ገበያ የሚጠብቀውን መዋዠቅ የሚለካው ኢንዴክስ) በቀን ውስጥ 65 አልፎ በ38.57 ዘግቷል፤ በአንድ ቀን መጥቶ ለሚሄድ እንዲህ ላለ ድንጋጤ የአንድ ቀን መዘግየት ያለው ፋይል አይደርስም።

ስለዚህ ለቀን ነጋዴ አንመክረውም። ለሳምንታት አክሲዮን ይዞ ለሚቆይና አደጋን ለሚለካ ሰው ግን በነጻ ከሚገኙት ጥሩው ነው፤ ኦፕሽን (አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ላይ ከሚታየው የመዋዠቅ ግምት ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡት። የብዙ ቀን ፋይል ስታዋህዱ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሥሩት፤ ኤክሴል ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይጭንም።