እናቴን ዳግም ለደጅ ላበቁልኝ ልጆች፦ ምስጋናና ጥቆማ ከደሴ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ሲመሽ መልሼ እወጣለሁ። ቤት ስገባ ድካሙ ያሸንፈኝና ነገ እያልኩ አሳድረዋለሁ። ትናንት ግን እናቴ ታች ሰፈር ለቅሶ ደርሳ በእግሯ ተመለሰች። በር ላይ ጫማዋን አውልቃ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩላቸው» ስትል ስሰማ፣ ዛሬስ ሳልጽፍ አላድርም አልኩ።

የማመሰግነው በየዓመቱ አንድ ሰፈር እየመረጠ የእግረኛ መንገድ፣ የልጆች መጫወቻና የዛፍ ጥላ ያለበት ማረፊያ የሚሠራውን የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ስማችሁን ልጻፍ ብላቸው «የሠራው ሰፈሩ ነው በይልን» ብለው እምቢ አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢጫ ሰደርያ አጥልቀው ድንጋይ ሲቀባበሉ ያያችኋቸው ግን እነማንን እንደምል ታውቃላችሁ።

የእኛ ሰፈር ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች አንዱ ነው። ደሴን ለሚያውቅ መናገር አያስፈልግም፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተራራ ለተራራ መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። አስፋልቱ ከታች ይሄዳል፣ ቤቱ ወደ ላይ ተደራርቦ ይወጣል። እኛ ጋ ባጃጅ አይደርስም። ሲሚንቶም፣ ጤፍም፣ በሽተኛም በሰው ትከሻ ነው የሚወጣው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚሄደው በእኛው መተላለፊያ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ መንገድ የነበረው ቦታ ጉድጓድና የሚያንሸራትት ጭቃ ብቻ ይሆናል።

እናቴ የወደቀችው እዚያ ላይ ነው፤ በነሐሴ 2013። ዳሌዋ ተጎዳ። ገና በምርኩዝ ቆማ መሄድ ሳትጀምር ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ። የዚያን ጊዜ የጎረቤት ልጆች በቃሬዛ ተሸክመዋት ያን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ እግራቸው በተንሸራተተ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ታደርግ ነበር። እኔ ከኋላ ፌስታል ይዤ እከተላለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ስላያችሁት አልዘረዝረውም። ተመለስን፣ ቤታችንም ቆሞ አገኘነው። እናቴ ግን አንዴ ወደ ላይ ከወጣች በኋላ ዳግም አልወረደችም። ሐኪም ቤት ካልሆነ በቀር ከሦስት ዓመት በላይ ከግቢው አልወጣችም።

የወሎ ሰው ቅሬ፣ እድሩ ማለቴ ነው፣ ለአንድ እናት ምን እንደሆነ ያውቃል። እናቴ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል ለቅሶ ቀድማ የምትደርስ፣ ጀበናና ስኒ ተሸክማ የምትሄድ ሴት ነበረች። በ2015 የአርባ ዓመት ቡና አጣጪዋ ሸዋ በር አካባቢ ሞተችባት። ልጆቹ እንሸከምዎት አሏት። «ቃሬዛ ላይ ሆኜ ለቅሶ አልገባም፣ ሬሳ መሰልኩ እንዴ?» ብላ እምቢ አለች። ሻሿን አስራ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ በር ላይ ተቀምጣ ወደ ታች እያየች ብቻዋን አለቀሰች። ያን ቀን አልረሳውም። መሰበሯን ዳሌዋ ከተጎዳ ቀን ይልቅ ያን ቀን አየሁት።

እንግዲህ መንገዱን ለማሠራት ያልሞከርነው የለም። መጀመሪያ ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጣ። በቀን ሥራ የሚያድሩ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ሰጡ። አንድ ሥራ ተቋራጭ ጥር ላይ መጣ፤ መሬቱ ደርቋል፣ ሁሉም ነገር ያምራል። በአፈሩ ላይ ስስ ሲሚንቶ አፍስሶ፣ ቀሪውን ክፍያ ተቀብሎ ሄደ። ሐምሌ ሳይጋመስ ሲሚንቶው እንደ ቂጣ ተሰባብሮ ከጎርፉ ጋር ወረደ። ስንደውል መጀመሪያ «እመጣለሁ» ይል ነበር፣ ኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ስለ መዋጮ የሚያወራን ሰው ሁሉ እንደ ሌባ ማየት ጀመረ፣ እኔንም ጭምር፤ ከየቤቱ የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩና።

ቀጥሎ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ማመልከቻ አስገቢ ተባልኩ፣ አስገባሁ። ጠፍቷል ተባልኩ፣ ደግሜ አስገባሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በጀት ዓመቱ ይዘጋ፣ በጀት ዓመቱ ይከፈት። ከሥራ ፈቃድ እየጠየቅሁ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ አንዱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ለእናትሽ ታች ቤት ብትከራዪላቸው አይሻልም?» አለኝ። አርባ ዓመት ከኖረችበት ቤት! እንባዬ እስኪመጣ ነው የተናደድኩት። ደረጃውን ወርጄ ፒያሳ እስክደርስ ከራሴ ጋር እያወራሁ ነበር።

ስለ ማኅበሩ የነገረችኝ ኮምቦልቻ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ወንድሟ ሰፈር የልጆች መጫወቻ ሠርተው ነበርና «አንቺ ብቻ ሄደሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። እውነት ለመናገር ተስፋ አልነበረኝም። ለእሷ ብዬ ሄድኩና ነገርኳቸው። ማመልከቻ አልጠየቁኝም። «ሲዘንብ መጥተን እናየዋለን» አሉ። ሲዘንብ! እኔ እስከዚያ የማውቀው መንገድ ሠሪ ሁሉ ዝናብ ሲመጣ የሚሸሽ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ፣ ሰማዩ እንደተቀደደ በሚዘንብበት አንድ ከሰዓት፣ ሦስት ሆነው በዣንጥላና በቦቲ ጫማ መጡ። አልለኩም፣ አልቆፈሩም። ቆመው ውሃውን አዩ። አንደኛው እንጨት ጣል እያደረገ ውሃው ወዴት እንደሚወስደው ይከተላል። ሌላው ልጆቹን ሰብስቦ «የት የት ነው የምትወድቁት?» ይላቸዋል። ልጆቹ ደግሞ ደስ ብሏቸው «እዚህ! እዚህም!» እያሉ ያሳያሉ። ከዚያ «መንገዱን ከመሥራታችን በፊት ለውሃው መንገድ እንስጠው፤ ካልሰጠነው የእኛን ይወስዳል» አሉን። ከመስቀል በኋላ እንጀምራለን ብለው ሄዱ። ሰፈሩ «ቀሩ» አለ። እኔም ብያለሁ።

መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የዲጂኖ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

ሥራውን በዝርዝር ልነግራችሁ አልችልም፣ ሙያው የለኝም። ከጎን ቦይ ቆፈሩ፣ ድንጋይ በሽቦ ቅርጫት እየሞሉ አፈሩን ደገፉት፣ ከዚያ ነው ወደ ደረጃው የመጡት። ድንጋዩን ሰፈሩ በባሬላ አቀረበ። ሴቶቹ ቡናና ንፍሮ ይዘን ወጣን፤ ልመና አላስፈለገም። አንዲት ነገር ግን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

የግንበኞቹ አለቃ ዝምተኛ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ደረጃውን ሊጀምር ሲል ቀና ብሎ እናቴን በር ላይ ተቀምጣ አያት። መሣሪያውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ መጣና ከፊቷ በርከክ አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እስኪ እግርዎን የሚችሉትን ያህል ብቻ ያንሱልኝ።»

እናቴ አፈረች። «ተወኝ ልጄ፣ እኔ እንደሆነ አልወርድበት፣ ለልጆቹ ሥራላቸው» አለችው።

«ለእርስዎ ከተመቸ ለልጆቹም ይመቻል» አላት።

ግድግዳውን ይዛ እግሯን አነሳች። እሱ ከሥሩ ድንጋይ አስገባ፣ ከፍ ሲልባት አውጥቶ ቀጠን ያለ አስገባ። ሦስት ጊዜ ቀያየረ። ሳያማት የቻለችው ላይ ሲደርስ በትር አቁሞ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ «ምርኩዙን በየትኛው እጅዎ ነው የሚይዙት?» አላት። በቀኜ አለችው። «እንግዲያው የሚይዙት ብረት ሲወርዱ በግራዎ ያስፈልግዎታል። ሲወጡ ደግሞ ያው ብረት በቀኝዎ ይሆንብዎታል፤ ስለዚህ በሁለቱም በኩል እናደርገዋለን» አለና ሄደ።

ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ወደ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት፣ በእነዚያ ሁሉ ቢሮዎች፣ እናቴ እግሯን ስንት ማንሳት እንደምትችል የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ልጇ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

በዚያች በትር ልክ 64 ደረጃዎች ተሠሩ፤ እስከ አስፋልቱ። አንዱ ከአንዱ አይበላለጥም። በየመሀሉ ጠፍጣፋ ማረፊያ አለው፣ ማረፊያው ላይ የድንጋይ መቀመጫ አለ፣ ከአጠገቡም የወይራና የጽድ ችግኝ ተተክሏል። አሁን እርጉዝ ሴት ትወርድበታለች፣ ጤፍ የተሸከመ ሰው ያርፍበታል፣ የማየት ችግር ያለባቸው አንድ ጎረቤታችን ብረቱን ይዘው ብቻቸውን መስጊድ ይሄዳሉ።

ከሥር ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን ጠባብ ቦታ ደግሞ ጠርገው ዥዋዥዌና ሸርታቴ ተከሉበት፣ ልጆቹ ሲወድቁ እንዳይጎዱ ከሥሩ አሸዋ አፈሰሱበት። ቅዳሜና እሑድ ከእኛ ሰፈር አልፎ ከማዶ ልጅ ይመጣል። ጫጫታው እስከ ቤታችን ይሰማል፣ እናቴም በጣም ደስ ይላታል።

ስለ ገንዘቡም ልናገር፣ እኛን ያቆሰለን እሱ ነበርና። ከእኛ የጠየቁት ጉልበትና ድንጋይ ብቻ ነው። የሲሚንቶውን፣ የብረቱን፣ የብየዳውን ወጪ ግን በየሳምንቱ ጽፈው የመብራት ምሰሶ ላይ ይለጥፉ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው! ያ ወረቀት ሰፈሩን ከእኔ ጋር አስታርቆኛል፤ ሰው መዋጮን ማመን የጀመረው እሱን እያነበበ ነው።

ሠርተው ደግሞ አልጠፉም። ግንቦት 2017 ላይ፣ ማንም ሳይደውልላቸው፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መጥተው ቦዩን ከእኛ ጋር ጠረጉ። ውሃ የበላው አንድ ጥግ አግኝተው አደሱት። ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ጎርፉ በቦዩ ሄደ፣ እኛ በደረጃው ሄድን።

እናቴ መጀመሪያ የወረደች ዕለት የት የሄደች ይመስላችኋል? ሸዋ በር፣ የዚያች ጓደኛዋ ቤት። ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ። ልጆቿ በር ላይ ሲያዩዋት ጮኹ፣ እንደ አዲስ ተለቀሰ። አቦል ቶና በረካ ጠጥታ፣ ተጫውታ፣ ከመግሪብ በፊት ተመለሰች። ስትወጣ በየማረፊያው ቁጭ እያለች ነበር። ልይዛት እጄን ብዘረጋ «አብሽሪ፣ ብረት አለኝ» አለችኝ።

እና እባካችሁ፣ ሰፈራችሁ እንደ እኛ ሰፈር የሆነባችሁ ደሴዎች፣ ለእነዚህ ልጆች ንገሯቸው። እንደ እኔ «ቀሩ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በዓመት የሚሠሩት አንድ ቦታ ስለሆነ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፣ ቢሆንም የሚያስጠብቁት በእውነት ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ጓደኞቼም፣ ልጆቻችሁ አስፋልት ዳር የሚጫወቱባችሁ፣ ንገሯቸው፤ ወደ እናንተም እንደሚወርዱ አውቃለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ለአንድ በግ የምትልኩትን ለሲሚንቶ ብትልኩት የት እንደገባ ምሰሶው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔ ከማንም ጋር ዝምድና የለኝም፣ ማንም ጻፊ አላለኝም። ደጋግሜ እላለሁ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

የዘንድሮውን ሥራ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቅዳሜ ይጀምራሉ። ከእኛ ማዶ ካለው ሰፈር ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ። ከእኛ ሰፈር አሥራ አምስት ሰው ይሄዳል፤ አካፋና ባሬላ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ። ያ ግንበኛም ይህን ካየው፣ እናቴ ቡናውን ከአሁኑ ለቅማ አስቀምጣለታለች፤ ራሷ ይዛለት ትመጣለች።